ጊታሩ ውስጥ ፊዩዝ የለም፤ ታዲያ ምን ነዘረኝ?

ቢሾፍቱ፣ የግንቦት ሰርግ ነው። ከሰዓት ዝናብ ጥሎ ሣሩ ረጥቧል። ድንኳኑ ሥር የተጎዘጎዘው ቄጠማ ሳይቀር ውኃ አዝሏል። ጊታሬን አንግቤ፣ ግራ እጄን ክሩ ላይ አድርጌ ወደ ማይኩ ጠጋ አልኩ። ከንፈሬ ማይኩን ሲነካ ንብ የነደፈኝ መሰለኝ። ወደ ኋላ ተስፈንጥሬ አንዱን ሚዜ ረገጥኩት። የሰርጉ እንግዳ ስሜት ውስጥ የገባሁ መስሎት አጨበጨበልኝ።

ሁለተኛ ስጠጋ ደገመኝ። የቀረውን ሰርግ ከማይኩ አንድ ስንዝር ርቄ ነው የዘፈንኩት።

በማግስቱ ጊታሬን ፈታታሁት። የምፈልገው ፊዩዝ ነበር። «ተቃጥሎ ይሆናል፣ ለዚያ ነው ያላዳነኝ» ብዬ። ጊታሩ ጎን ላይ ካለችው የድምፅ መቆጣጠሪያ ሳጥን ያገኘሁት ግን አንዲት ባለ 9 ቮልት ባትሪ ብቻ ነው። ፒካፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ዕቃ) ያለው አኩስቲክ ጊታር ካላችሁ የእናንተም እንደዚሁ ነው። ፊዩዝ የለውም፣ አያስፈልገውምም። 9 ቮልት ደረቅ እጅ ላይ አይሰማችሁም። (በነገራችን ላይ ያቺ ባትሪ ሥራ የምትጀምረው የጊታሩን ገመድ ስትሰኩ ነው። ስታበቁ ገመዱን ካልነቀላችሁ ሳትጫወቱም ስትሠራ ታድራለች፤ ቶሎ ታልቅባችኋለች።)

ታዲያ የነዘረኝ ከየት መጣ? በገመዱ በኩል ነው የመጣው። የጊታር ገመድ ውስጥ መሐሉ ላይ ድምፁን የሚሸከም ቀጭን ሽቦ አለ፤ ዙሪያውን ደግሞ እንደ መረብ የተጠለፈ ሽቦ ከብቦታል። መረቡ በአንድ ጫፉ ከአምፑ (ከድምፅ ማጉያው) ብረት አካል፣ በሌላው ጫፉ ጊታራችሁ ላይ ካለው የጃክ ብረት ጋር ይገናኛል። አምፑ ላይ ያለው ኮረንቲ ሁሉ በዚያ በኩል እናንተ ዘንድ መምጣት ይችላል ማለት ነው። ማይኩም በራሱ ገመድ ከሚክሰሩ (ድምፆቹን ከሚያቀላቅለው ማሽን) ጋር እንዲሁ የታሰረ ነው። አምፑና ሚክሰሩ ካልተስማሙ፣ ማለትም በብረታቸው መካከል የቮልት ልዩነት ካለ፣ በመሐላቸው ያለው ድልድይ የእናንተ አካል ነው፤ አንዱ ጫፍ እጃችሁ፣ ሌላው ከንፈራችሁ።

ብዙ አኩስቲክ ጊታሮች ላይ ፒካፑ ጊታሩ ሆድ ላይ ክሮቹ ከሚያርፉበት አጥንት ሥር የተቀበረ ስለሆነ ክሮቹ ከዚህ መረብ ጋር አይገናኙም። የኔ ግን ጩኸት ለመቀነስ ተብሎ ከክሮቹ ወደ ጃኩ ሽቦ ተዘርግቶለት ነበር። የእናንተን ለማወቅ ቀላል ነው። ገመዱን ንቀሉ፣ መልቲሜትሩን ኦም ላይ አድርጉ፣ አንዱን ጫፍ ክሩ ላይ፣ ሌላውን የጃኩ ብረት ላይ አሳርፉ። ዜሮ አካባቢ ካሳየ ክራችሁ ከአምፑ ጋር ተያይዟል። ምንም ካላሳየ በክሩ በኩል ሰላም ናችሁ። ግን የጃኩ ብረት ራሱ እጃችሁ የሚደርስበት ቦታ ነውና ሙሉ በሙሉ አትዝናኑ።

አምፔን ተሸክሜ ሠፈራችን ወዳሉ አንድ ሽማግሌ ኤሌክትሪሺያን ሄድኩ። «ጋሼ፣ አምፑ እኮ ፊዩዝ አለው። ለምን አላዳነኝም?» አልኳቸው።

ሳቁ። «የኔ ልጅ፣ ፊዩዝ የተሠራው ለዕቃው ነው። ላንተ ማን ሠራልህ?»

ከዚያ ወረቀት ላይ ቁጥር ጻፉልኝ። የኔ አምፕ 60 ዋት ይበላል። 60ን ለ220 ስናካፍል 0.3 አምፒር እንኳ አይሞላም። ፊዩዙ 1 አምፒር ነው፤ 1000 ሚሊአምፒር ማለት ነው። ሰውን 10 ሚሊአምፒር ገደማ ሲያገኘው ጡንቻው ተኮማትሮ የያዘውን መልቀቅ ያቅተዋል። ከ50 እስከ 100 ሚሊአምፒር በደረት ካለፈ ልብ ሊቆም ይችላል። እኔ እዚያው ብሞት ፊዩዙ ወሬውም አይደርሰው። የሱ ሥራ ውስጡ የሆነ ነገር ሲነካካ ትራንስፎርመሩ ነዶ ቤት እንዳያቃጥል መበጠስ ነው።

ሰውን የሚያድነው ኤርዝ ነው፤ የዕቃውን ብረት ከመሬት ጋር የሚያገናኘው ሽቦ። አምፑ ውስጥ ፌዙ (ኮረንቲ የሚያመጣው ሽቦ) ተላቆ ብረቱን ቢነካና ኤርዝ ካለ፣ ኮረንቲው በዚያ ሽቦ በኃይል ወደ መሬት ይሄዳል፤ ያኔ ፊዩዙ ወይም ብሬከሩ ይወርዳል። ኤርዝ ከሌለ ግን ምንም አይፈጠርም። ድምፅ የለ፣ ጭስ የለ። አምፑ በደንብ ይሠራል፤ ብረቱ ግን 220 ቮልት ይዞ አንድ ሰው እስኪነካው ይጠብቃል። ኤርዝ ከሌለ ፊዩዙም ለናንተ ዋጋ የለውም።

ቢሾፍቱ ላይ የሆነው ከዚህ የቀለለ ነው። አምፑን የሰካሁበትን ማከፋፈያ ጋሼ ፊቴ ፈቱት። ስፒናው በጎንና በጎኑ የኤርዝ ብረት አለው፤ ሶኬቶቹም አላቸው። ገመዱ ውስጥ ያሉት ሽቦዎች ግን ሁለት ብቻ ናቸው። ብረቱ ለጌጥ ነው የተቀመጠው! ኤርዝ ያጣ አምፕ ከማጣሪያ ካፓሲተሮቹ (ቻርጅ ከሚይዙ ትናንሽ ክፍሎቹ) የምትሾልክ ትንሽ ኮረንቲ ብረቱ ላይ ትጠራቀምበታለች። ሚክሰሩ ደግሞ ደህና ኤርዝ ባለው ሶኬት ላይ ነበር። እኔ መሐል ገባሁ። እንዲህ ያለው መንዘር አብዛኛውን ጊዜ ያስደነግጣል እንጂ አይገድልም። ችግሩ፣ ከንፈር ላይ ሲነዝራችሁ ይህቺ ሹልክታ ትሁን ተላቆ ብረት የነካ ፌዝ ይሁን መለየት አለመቻላችሁ ነው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 3 ቀን 1972 በዌልስ ስዋንሲ ከተማ የስቶን ዘ ክሮውስ ጊታሪስት ሌስሊ ሃርቪ መድረክ ላይ ኤርዙ ያልተስተካከለ ማይክ ነክቶ ሞቷል። ጊታር ይዞ ነበር።

እንግዲህ ከመጫወታችሁ በፊት የምታደርጉትን ልንገራችሁ። ርካሽ ዲጂታል መልቲሜትር ይበቃል።

መጀመሪያ ማከፋፈያውን ከሶኬት ነቅላችሁ ለኩት። ኦም ላይ አድርጋችሁ አንዱን ጫፍ የስፒናው ጎን ላይ ያለው ብረት ላይ፣ ሌላውን ሶኬቱ ውስጥ ያለው የጎን ብረት ላይ። ከ1 ኦም በታች ማንበብ አለበት። ምንም ካላነበበ ማከፋፈያው ለስልክ ቻርጀር ይሁን፤ ለአምፕ አይሆንም።

ቀጥሎ የግድግዳውን ሶኬት። ሜትሩን ኤሲ ቮልት፣ 600 ወይም 750 ላይ አድርጉ፤ የሜትሩን ገመዶች ፕላስቲኩ ላይ ብቻ ያዙ። በሁለቱ ቀዳዳዎች መካከል 220 አካባቢ ታያላችሁ። ከዚያ እያንዳንዱን ቀዳዳ ከጎኑ ብረት ጋር ለኩ። አንዱ 220 አካባቢ፣ ሌላው ዜሮ አካባቢ ከሰጠ ኤርዙ ለጊዜው ደህና ይመስላል። ሁለቱም እንደ 90 እና 120 ዓይነት ግራ የገባው ቁጥር ከሰጡ ከብረቱ ጀርባ ሽቦ የለም። አዲስ አበባ ውስጥ ባሉ አሮጌ ቤቶች ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። እዚያ ጋ ኤሌክትሪሺያን ጥሩ፤ የጎኑን ብረት ራሳችሁ ከኒውትራሉ (ከኮረንቲው መመለሻ ሽቦ) ጋር እንዳታገናኙት። የቤቱ ኒውትራል አንድ ቀን ከተበጠሰ ብረት ያለው ዕቃ ሁሉ ፌዝ ይሆናል።

በመጨረሻም ሁሉም ነገር በርቶ፣ ማይክ ከመንካታችሁ በፊት፣ አንዱን የሜትር ጫፍ የማይኩ ወንፊት ላይ፣ ሌላውን የጊታሩ ጃክ ብረት ላይ አድርጉ። ከ1 ቮልት በታች ከሆነ ዝፈኑ። አሥርና ከዚያ በላይ ካነበበ አቁሙና ምክንያቱን ፈልጉ። አምፑንና ሚክሰሩን ኤርዝ ካለው ከአንድ ሶኬት መሳብ ብቻውን ብዙ ጊዜ ችግሩን ይፈታዋል።

አሁን ስለ ጩኸት። አምፑ «ኡኡም» እያለ ያስቸግራል። አንዱ ቀልጣፋ ይመጣና የኤርዙን ብረት በናስትሮ ይጠቀልለዋል፤ ወይም ኤርዝ የሌለው አዳፕተር ይሰካል። ጩኸቱ ጠፋ። ሁሉም «ጎበዝ!» ይለዋል። ይህ ሰው ምን እንዳደረገ አሁን ታውቃላችሁ። ለጩኸት መድኃኒቱ ዲአይ ቦክስ ነው፤ በጊታሩና በሚክሰሩ መካከል የምትገባ ትንሽ ሳጥን። ጎኑ ላይ «ግራውንድ ሊፍት» የሚል ቁልፍ አለው፤ የሚያላቅቀው የድምፅ ገመዱን መረብ ብቻ ነው፣ የመብራቱን ኤርዝ አይነካም።

ከውጭ የመጣ አምፕ ላላችሁም አንድ ነገር አለኝ። ከዱባይ የመጣው ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ስፒና ውስጡ ትንሽ ፊዩዝ አለው። አምፑ ካልበራ መጀመሪያ እሷን እዩ። የኛ ሶኬት ስለማይቀበለው ስፒናው ተቆርጦ ሌላ ይገጠማል፤ አረንጓዴና ቢጫ መስመር ያለው ሽቦ አብሮ ተቆርጦ ከተጣለ ኤርዙ ተጣለ ማለት ነው። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ደግሞ ባለ 120 ቮልት ነው። አዳፕተር ጥርሱን እንጂ ቮልቱን አይቀይርም። ጀርባው ላይ 115 እና 230 የሚል መቀያየሪያ ካለ መጀመሪያ እሱን አዙሩ። ከሌለ ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ግዙ። መቀያየሪያውን ስታዞሩ ፊዩዙም ይለወጣል። ያው 100 ዋት በ110 ቮልት 0.9 አምፒር ሲስብ በ220 ግን 0.45 ብቻ ስለሚስብ ፊዩዙ በግማሽ ያህል ማነስ አለበት። ትክክለኛው ልክ ጀርባው ላይ ተጽፏል።

ፊዩዝ መቀየር ራሱ የ5 ደቂቃ ሥራ ነው። አምፑን ማጥፋት አይበቃም፤ ስፒናውን ንቀሉት። ብዙ አምፖች ላይ ፊዩዙ ያለው የመብራት ገመዱ ከሚሰካበት ሥር ባለች ትንሽ መሳቢያ ነው። በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ቀስ አድርጋችሁ ሳቧት። አንዳንዴ አጠገቡ መለዋወጫ ተቀምጦ ታገኛላችሁ። የድሮውን መብራት ላይ አንሡና ብረት ቆቡ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ቲ (T) ፊደል ካለ ቀስ ብሎ የሚበጠስ ነው፤ አምፑ ሲበራ ለቅጽበት የሚስበውን ይታገሳል። ኤፍ (F) ካለ ፈጣን ነው። በቲ ቦታ ኤፍ ብትከቱ ጤነኛ አምፕ ሲበራ ፊዩዝ ይበጠስባችኋል። በኤፍ ቦታ ቲ ብትከቱ ደግሞ በጊዜው አይበጠስም። አምፒሩም አንድ ይሁን፤ ቮልቱ ከ250 አይነስ።

ብርጭቆውንም እዩት። መሐሉ ላይ ሽቦው ለስለስ ብሎ ከተቆረጠ ምናልባት ዕድሜው ነው፤ አንድ ጊዜ ቀይራችሁ ሞክሩ። ብርጭቆው ከውስጥ ጠቁሮ ወይም እንደ መስታወት ጀርባ የብር ቀለም ከተለበጠ ግን ውስጥ የተነካካ ነገር አለ። አዲሱም ወዲያው ከተበጠሰ ሦስተኛ አትክተቱ። የሲጋራ ፓኮ ብልጭልጭ ወረቀት የተጠቀለለበት ፊዩዝ በዐይኔ አይቻለሁ። የአምፑ ትራንስፎርመር እንደ ቡና ተቆልቶ ነበር። አምፑን መክፈት ለባለሙያ ተዉት። በተለይ ባለ ቫልቭ (ባለ ብርጭቆ ቱቦ የድሮ ዓይነት) ከሆነ፣ ከተነቀለም በኋላ ካፓሲተሮቹ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይዘው ይቆያሉ።

ሰው የሚያድን «ፊዩዝ» ከፈለጋችሁ የ30 ሚሊአምፒር አርሲዲ ግዙ። በአንዱ ሽቦ የሄደው በሌላው ካልተመለሰ፣ «በሰው በኩል እየሾለከ ይሆናል» ብሎ ከ0.3 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይቆርጣል። ሶኬት ላይ የሚሰካ ዓይነትም አለ። ላዩ ላይ ያለችውን የመሞከሪያ ቁልፍ በተጫወታችሁ ቁጥር ተጫኗት። ለማይኩ ደግሞ የስፖንጅ ቆብ አልብሱት፤ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ከንፈራችሁን ከብረቱ ይለያል። እና አንድ ሰው ኮረንቲ ከያዘው እጁን አትያዙት። መጀመሪያ ስፒናውን ንቀሉ ወይም ብሬከሩን አውርዱ።

ባለፈው ሳሪስ አካባቢ አንድ አዳራሽ ውስጥ ሜትሬን አውጥቼ ማይኩንና ጊታሬን ስለካ የድምፅ ባለሙያው ልጅ ሳቀብኝ። «ብሮ፣ ጊታር በቮልት ነው እንዴ የሚቃኘው?» አለኝ። ሜትሩን አዞርኩለት፤ 87 ይላል። ዝም አለ። ማከፋፈያውን ነቅለን ስፒናውን ስንፈታው የኤርዝ ሽቦው ከብሎኑ ወጥቶ ተንጠልጥሏል። እሱ ብሎኑን ሲያጠብቅ እኔ የስልኬን መብራት ያዝኩለት። መልሰን ስንለካ 0.2። «በል እስቲ አንድ፣ ሁለት በል» አለና ወደ ሚክሰሩ ሄደ።