በጡረታ ጊዜ መክተፊያ ሠርቶ መሸጥ

ለጀማሪ ሻጭ ከመክተፊያ የተሻለ ዕቃ የለም፤ እንጨት አይፈጅም፣ ለማጓጓዝም ይቀላል። በመጀመሪያ አምስት ወይም ስድስት ብቻ ይሥሩ።

ጣውላው በደንብ የደረቀ ይሁን፤ የእርጥበት መጠኑ ከ6 እስከ 10 በመቶ ቢሆን ይመረጣል። እርጥብ እንጨት ገዢው ቤት ከደረሰ በኋላ ይጣመማል። ጣውላዎቹን ጎን ለጎን ሲያጣብቁ ውሃ የሚቋቋም ኮላ ይቀቡና በሞርሳ ይያዙት። መጋጠሚያው ላይ እንደ ጤዛ ያለ ጠብታ ብቅ ሲል ማጥበቁ ይብቃ፤ ከዚያ ካለፈ ኮላው ተጨምቆ ይወጣል። 24 ሰዓት ያሳድሩት።

በብርጭቆ ወረቀት ከሻካራው ቁጥር 80 ጀምረው ወደ ለስላሳዎቹ 120፣ 180፣ 220 እያሉ ይሹት። ቀጥሎ በእርጥብ ጨርቅ ያብሱት፤ ሲደርቅ የእንጨቱ ጸጉር (ጥቃቅን ቃጫው) ይቆማል፣ ያኔ እንደገና በ220 ይሹት። ብዙ ሰው ይህን ይዘላል፤ ዕቃው ግን በመጀመሪያው እጥበት ይሻክራል።

ለምግብ ዕቃ የተፈቀደ የማዕድን ዘይት ሁለቱንም ገጽና ጠርዙን ይቀቡ፤ አንድ ገጽ ብቻ ከተቀባ ይጎብጣል። የምግብ ዘይት እየቆየ ስለሚከረፋ አይጠቀሙ።

ዋጋ ሲያወጡ የእንጨቱን፣ የኮላውንና የብርጭቆ ወረቀቱን ወጪ ደምረው የሠሩበትን ሰዓት ይጨምሩ። ጡረታ አለኝ ብለው ድካምዎን በነጻ አይስጡ፤ በዚያ ሥራ የሚተዳደሩ አናጺዎችን ገበያ ያበላሻል። ከዕቃው ጋር «አይዘፍዝፉት፣ አቁመው ያድርቁት» የሚል ወረቀት ያኑሩ።