የፍላይ ማጥመጃ ሪል፦ ባኪንግና ላይን ሲጠነጠን የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

በፍላይ፣ ማለትም ነፍሳት በሚመስል ቀላል ሰው ሠራሽ ማጥመጃ፣ ስታጠምዱ ትልቅ ዓሣ ይዛችሁ ሪሉ (የክር መጠቅለያው) ቢከዳችሁ፣ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ውሃው ዳር የተፈጠረ አይደለም። ክሩ የተጠነጠነ ዕለት የተሠራ ነው። ደግነቱ ሁሉም ምልክት አለው፤ ምልክቱን ካወቃችሁ ምክንያቱ ሩቅ አይሆንም።

ቅደም ተከተሉን እናስታውስ። ከሥር የሚጠነጠነው ቀጭኑ መጠባበቂያ ክር ባኪንግ ነው። በላዩ የሚወረወረው ወፍራም ክር፣ ላይን፣ ይመጣል፤ ርዝመቱ ብዙ ጊዜ ከ27 እስከ 30 ሜትር ነው። ጫፉ ላይ ማጥመጃው የሚታሰርበት ቀጭን ክር፣ ሊደር፣ ይታሰራል፣ 2.7 ሜትር ገደማ።

ክሩ ሲወጣ ልቅ ነው፣ ስትጠቀልሉ ግን ይከብዳል

ፍሬኑ፣ ማለትም ድራጉ፣ በተቃራኒው እየሠራ ነው። ሪሉ ለአንዱ እጅ ተስተካክሎ እናንተ በሌላው እየጠቀለላችሁ ነው ማለት ነው። ስፑሉን፣ ማለትም ክሩ የሚጠነጠንበትን ተሽከርካሪ ክፍል፣ አውጡት። በብዙ ሪሎች ላይ መሃል ያለው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚዞር ኩሽኔታ ወጥቶ ተገልብጦ ይገባል። ጠቅ ጠቅ በሚሉት ቀለል ያሉ ሪሎች ደግሞ የሚገለበጠው ትንሿ ጥርስ ናት። ይህን አንድ ሜትር ክር እንኳ ሳትጠነጥኑ ጨርሱት፤ አለበለዚያ ሁሉንም ፈትታችሁ እንደገና መጀመራችሁ ነው። ሪሉ ዘንጉ ላይ ሲገጠም ክሩ ከታችኛው ጎኑ ወጥቶ በቀጥታ ወደ መጀመሪያው የዘንግ ቀለበት መሄድ አለበት።

ክሩ ሲጎተት ጥቅሉ በሙሉ ስፑሉ ላይ ይንሸራተታል

ባኪንጉ የስፑሉን ግንድ፣ ማለትም ክሩ የሚታሰርበትን መሃሉን፣ አልያዘም። ፍሬኑን የቱንም ያህል ብታጠብቁት ለውጥ የለውም። መጀመሪያ ቋጠሮውን እዩ። ክሩን በግንዱ ዙሪያ ሁለት ጊዜ አዙሩት። በአጭሩ ጫፍ ዋናውን ክር አቅፋችሁ አንድ ተራ ቋጠሮ ቋጥሩ። ከዚያ እዚያው አጭር ጫፍ ላይ፣ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ራቅ አድርጋችሁ ሌላ ቋጠሮ ሥሩ። በምራቅ አርጥቡትና ዋናውን ክር ሳቡ። የመጀመሪያው ቋጠሮ ግንዱ ድረስ ይወርዳል፣ ሁለተኛው መጥቶ ይደግፈዋል። ጄል ስፐን የሚባለው ቀጭን ባኪንግ በጣም ስለሚያንሸራትት፣ ለእሱ ግንዱ ላይ አንድ ዙር የኤሌክትሪክ ናስትሮ ብትለጥፉ ጥሩ መያዣ ያገኛል።

ዓሣው እየሮጠ ሳለ ክሩ በድንገት ቆሞ ሊደሩ ይበጠሳል

በጣም የሚያሳዝነው ይኼኛው ነው፤ ዓሣው ያመለጠው በእሱ ብልጫ ሳይሆን በላላ ክር ነውና። ባኪንጉ ሳይወጠር ተጠንጥኗል። ዓሣው ሲስብ የላይኛው ዙር በታችኞቹ መሃል ሰርጎ ይገባና ይነከሳል። ከዚያ በኋላ የሚወጣ ክር የለም፤ ኃይሉ ሁሉ ያረፈው ቀጭኑ ጫፍ ላይ ነው።

መፍትሄው አንድ ብቻ ነው፦ ባኪንጉን በሙሉ አውጥቶ ወጥሮ መጠንጠን። ሪሉን ከዘንጉ የታችኛው ክፍል ጋር ግጠሙ። ባኪንጉ የመጣበትን ጥቅል በእርሳስ ወይም በካቻቢቴ ላይ ሰክታችሁ ለረዳት ስጡት። ረዳቱ ክሩን በእርጥብ ጨርቅ ጨብጦ ይያዘው፣ እናንተ ጠቅልሉ። በባዶ እጅ አይሆንም፤ በተለይ ጄል ስፐን ጣት ይቆርጣል። እየጠቀለላችሁ ክሩን በጣታችሁ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ምሩት፤ አንድ ቦታ እንዳይከመር። በየመሃሉ ቆም ብላችሁ ጥቅሉን በአውራ ጣት ተጫኑት። ጠንካራ ከሆነ ቀጥሉ። ከሰረጎደ ግን እስከዚያ ድረስ ፍቱት፤ መሰልቸት እዚህ ጋ አያዋጣም። ላይኑ ላይ ስትደርሱ ግን ውጥረቱን ቀለል አድርጉት፤ ላይን ይለጠጣል።

ላይኑ የሪሉን አካል ይፈትጋል

ሞልቷል። ጥቅሉ ከስፑሉ ጠርዝ ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት፤ ዓሣ እየታገላችሁ በጥድፊያ ስትጠቀልሉ ክሩ አንድ ወገን ይከመራልና። ላይኑን እንዳትቆርጡ፤ የሚያጥረው ባኪንጉ ነው።

ልክክ ያለ መጠን ከፈለጋችሁ ገልብጣችሁ ለኩ። መጀመሪያ ላይኑን ከሊደር ጫፉ ጀምራችሁ ባዶው ስፑል ላይ ጠንጥኑ። በላዩ ባኪንጉን አያይዛችሁ እስከሚፈለገው ከፍታ ሙሉ፣ ከዚያ ቁረጡት። አሁን ሁሉንም ሜዳ ላይ ዘርግታችሁ አውጡና የባኪንጉን ጫፍ ግንዱ ላይ አስራችሁ በትክክለኛው ቅደም ተከተል ጠንጥኑ። አድካሚ ነው፤ ግን ግምት የለበትም።

በተቃራኒው ባኪንግ ካነሰ ላይኑ በጠባብ ዙር ይጠቀለላል። ሲወጣ እየተጠቀለለ ያስቸግራል፤ ስትሰበስቡም በአንድ ዙር የሚገባው ጥቂት ነው። ባኪንግ ጨምሩ።

ላይኑ ወደ ፊት አይወረወርም

ፊቱ የከበደ፣ ደብሊው ኤፍ የሚባለው ላይን ከሆነ፣ ምናልባት ተገልብጦ ተጠንጥኗል። ከባዱ ክፍል ሪሉ ውስጥ ተቀምጦ በቀጭኑ ለመወርወር እየታገላችሁ ነው። አዲስ ላይን ሲመጣ አንዱ ጫፍ ላይ ወደ ሪሉ የሚታሰረው ይህ ነው የሚል ትንሽ ወረቀት ይለጠፍበታል። ሳታነቡ እንዳትቀድዱት።

ላይኑ ይጠማዘዛል

ከጥቅሉ ጎን እየተሳበ ነው የተጠነጠነው። ጥቅሉ ራሱ እንዲሽከረከር ካልተደረገ እያንዳንዱ ዙር አንድ ጥምዝ ይጨምራል። ፍላዩን ፈትታችሁ ላይኑን በሚፈስ ውሃ ላይ ልቀቁት፤ ራሱ ይፈታል። ከመጋዘን የወጣ ጠመዝማዛ ላይን ግን በክንድ በክንድ ቀስ ብሎ ሲሳብ ይቃናል።

መጋጠሚያው የዘንጉን ቀለበት ይነካል

ላይኑ ጫፉ ላይ የተዘጋጀ ሉፕ (ከክሩ የተሠራ ቀለበት) ካለው፣ ሁለቱ ሉፖች እርስ በርስ መግባታቸውን እዩ። ትክክለኛው ሁለት እጅ እንደሚጨባበጥ ሆኖ ይጠብቃል። አንዱ ሉፕ ሌላውን አንቆ ከተጠመጠመ ግን እብጠት ይሠራል፣ ክሩንም እየቆረጠ ይሄዳል። ላላ አድርጋችሁ አስተካክሉት። የባኪንጉን ሉፕ ሙሉ የላይን ጥቅል እንዲያሳልፍ አድርጋችሁ ሰፊ ሥሩት፤ ላይን ስትቀይሩ መቁረጥ አይኖርባችሁም። ላይኑ ሉፕ ከሌለው ኔይል ኖት የሚባለውን፣ ቀጭኑን ክር ላይኑ ላይ ደጋግሞ የሚጠመጥመውን ቋጠሮ ሥሩና እብጠቱን በተጣጣፊ ማጣበቂያ ስስ አድርጋችሁ ቀቡት። ሲደርቅ በሁለት ጣት አሻሹት፤ ጥፍር የሚይዝ ጠርዝ ካለ ዘንጉም ይይዘዋል።