ለሲዲ ጥራት ሙዚቃ ጥሩ ዳክ እንዴት እንደሚመረጥ

ሲዲ ላይ ያለ ሙዚቃ በ16 ቢት፣ በሰከንድ 44,100 ናሙና ተቀድቷል። ይህ በዝቅተኛውና በከፍተኛው ድምፅ መካከል 96 ዴሲቤል ገደማ ይሰጣል፤ ወደ ላይም የሰው ጆሮ እስከሚሰማው እስከ 20 ኪሎኸርዝ ይደርሳል። ዳክ ማለት እነዚህን ቁጥሮች ወደ አናሎግ ድምፅ የሚቀይር መሣሪያ ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው «768 ኪሎኸርዝ» (ዳኩ ሊቀበለው የሚችለው ከፍተኛ የናሙና መጠን) ለሲዲ ስብስባችሁ ምንም አይጨምርም። ለእሱ ብላችሁ አንድ ብር እንኳ እንዳትጨምሩ።

መጀመሪያ ሙዚቃው ከየት እንደሚመጣ ወስኑ። ከኮምፒውተር ከሆነ ዩኤስቢ ያስፈልጋል፤ «አሲንክሮነስ» የሚባለው ዓይነት መሆኑን አረጋግጡ፤ በዚህ ዓይነት ሰዓቱን፣ ማለትም ናሙናዎቹ የሚወጡበትን ምት፣ የሚመራው ዳኩ ራሱ ነው። ከሲዲ ማጫወቻ ከሆነ ኮአክሲያል (የመዳብ ገመድ) ወይም ኦፕቲካል (የብርሃን ገመድ) ይሆናል፤ እዚህ ዳኩ የማጫወቻውን ሰዓት ስለሚከተል ጂተርን (የሰዓቱን ጥቃቅን መዛባት) የማጥፋት ችሎታው ዋጋ አለው። ለኮአክሲያል ውድ ገመድ አትግዙ፤ 75 ኦም የሆነ፣ ጫፉ ቢጫ የሆነው የቪዲዮ ገመድ ይበቃል። ኮምፒውተሩ በኧርዝ በኩል «እምምም» የሚል ድምፅ ካስገባ ኦፕቲካል ያስቀረዋል፤ በውስጡ ኤሌክትሪክ አያልፍምና።

የገባውን የናሙና መጠን በስክሪን ወይም በመብራት የሚያሳይ ዳክ ምረጡ። ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ ሁሉንም ድምፅ ወደ 48,000 ቀይሮ ይልካል፤ አንድሮይድ ስልክም እንዲሁ። ሲዲውን እያጫወታችሁ ዳኩ 48 ካሳየ፣ በዊንዶውስ የድምፅ ማስተካከያ ውስጥ 44,100 ምረጡ፤ ወይም በማጫወቻ ሶፍትዌሩ «ዋሳፒ ኤክስክሉሲቭ» የሚለውን፣ ድምፁን ሳይቀይር በቀጥታ ወደ ዳኩ የሚልከውን መንገድ፣ ተጠቀሙ።

ቀጥሎ መውጫውን ከአምፕሊፋየራችሁ ጋር አስተያዩ። በአርሲኤ (በቀይና ነጩ መሰኪያ) 2 ቮልት፣ በኤክስኤልአር (በባለ ሦስት እግሩ መሰኪያ) 4 ቮልት የተለመደ ነው። 4 ቮልት ለብዙ የቤት አምፕሊፋየር ይበዛል፤ የድምፅ ማዞሪያው ገና ሳይነሳ ቤቱ ይናወጣል፤ ማዞሪያው ታች ሲሆን ደግሞ ግራና ቀኙ እኩል አይሆኑም።

ከ1990ዎቹ ወዲህ ብዙ ሲዲዎች ድምፃቸው እስከ ጣሪያ ተገፍቶ ነው የታተሙት። በሁለት ናሙናዎች መካከል ያለው የሞገዱ ጫፍ ከከፍተኛው ቁጥር ሊያልፍ ይችላል፤ ዳኩ ያንን ጫፍ ሲያሰላ ቦታ ካጣ ይቆርጠዋል፤ የምትሰሙትም ሻካራ ድምፅ ይሆናል። መፍትሔው ከፊልተሩ (በናሙናዎች መካከል ያለውን ሞገድ ከሚያሰላው የዳኩ ክፍል) በፊት 3 ወይም 4 ዴሲቤል መቀነስ ነው። ዳኩ ይህን ካልሠራ ማጫወቻ ሶፍትዌሩ ላይ ቀንሱና በ24 ቢት ላኩ፤ የሚጠፋ ነገር የለም።

ፊልተር ምርጫ ካለው «ሻርፕ ሊኒየር» (በድንገት የሚቆርጠው) ላይ ተዉት። ከ20 እስከ 22.05 ኪሎኸርዝ (የ44,100 ግማሽ) ያለው ክፍተት በጣም ጠባብ ስለሆነ «ስሎው» የሚባለው፣ ቀስ ብሎ የሚቆርጠው፣ ወይ ቀጭኑን ድምፅ ያደክማል፣ ወይ ከላይ ያለውን ቆሻሻ ያሳልፋል። «ኖስ» የተባሉት፣ ይህን ፊልተር የማይጠቀሙት ዳኮች ማካካሻ ከሌላቸው በ20 ኪሎኸርዝ 3 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳሉ፤ «ለስላሳ» የሚባልላቸው በዋናነት ለዚህ ነው። የትሬብል ማዞሪያ ያንኑ በነፃ ይሠራል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን፤ ሁለት ዳክ ማወዳደር። ጆሯችን በትንሹም ቢሆን ጮክ ያለውን «ጥርት ያለ» ብሎ ይመርጣል። አንዱ ዳክ 2 ቮልት፣ ሌላው 2.5 ቮልት ካወጣ ልዩነቱ 1.9 ዴሲቤል ነው፤ ያለ ማስተካከያ ሁልጊዜ ሁለተኛው ያሸንፋል። ሱቅ ውስጥ የሚሰማው አብዛኛው «የሰማይና የምድር ልዩነት» ይኸው ነው።

ስለዚህ 100 ኸርዝ የሆነ የሙከራ ድምፅ አጫውቱ፤ ርካሽ ቴስተር በ1,000 ኸርዝ ትክክል ላያነብ ይችላል። ቴስተሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርጉ። ዳኩ ከአምፕሊፋየሩ ጋር እንደተገናኘ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ በስፒከሩ ሶኬት ላይ ለኩ። ሁለቱ የቴስተር ጫፎች እንዳይነካኩ በጣም ተጠንቀቁ፤ ሾርት ካደረጋችሁ የአምፕሊፋየሩ ትራንዚስተሮች ይቃጠላሉ። ሁለቱ ንባቦች በ1 በመቶ ውስጥ፣ ማለትም በ0.1 ዴሲቤል እስኪገጣጠሙ ጮክ ያለውን ቀንሱ። የዳኩ ማዞሪያ በ0.5 ዴሲቤል የሚዘል ከሆነ አይበቃም፤ በሶፍትዌሩ አስተካክሉ። ከዚያ በኋላ ማዞሪያዎቹን አትንኩ።

ሌላ ሰው ሳያሳያችሁ 16 ጊዜ በዘፈቀደ ይቀያይር፤ እናንተ የትኛው እንደሆነ ጻፉ። 12 እና ከዚያ በላይ ካወቃችሁ ልዩነቱን በእርግጥ እየሰማችሁ ነው፤ በግምት እዚያ መድረስ ይከብዳል። ካልደረሳችሁ ርካሹን ግዙና የተረፈውን ለስፒከር አውሉት፤ ስፒከር ላይ የሚጨመር ገንዘብ ይሰማል።

ዳኩ ከአሜሪካ የሚመጣላችሁ ከሆነ ሶኬት ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባውን እዩ። ውድ ዳኮች ብዙዎቹ ትራንስፎርመር ያላቸው ስለሆኑ ለ115 ቮልት ብቻ የተሠራው ኢትዮጵያ ውስጥ 220 ሲገባበት ይቃጠላል። 115 እና 230 የሚል መቀየሪያ ካለው ወደ 230 አዙሩት፤ የፊውዙ መጠንም አብሮ ስለሚለወጥ መመሪያው ላይ ለ230 የተጻፈውን ግዙ።