ከጎጃም ሆኖ የፈንታሌንና የአፋርን መንቀጥቀጥ ለመከታተል ምን ያስፈልጋል

መጀመሪያ እንግባባ፣ ጎጃም ውስጥ አሁን የሚያጨስ እሳተ ገሞራ የለም። ጮቄ ራሱ ድሮ እሳተ ገሞራ ነበር ግን እድሜው ወደ 22 ሚሊዮን አመት ነው፣ እንጅባራ አጠገብ ያለው ዘንገና ሐይቅም የተኛው የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ ነው፣ ከጮቄ ጋር ሲወዳደር ገና የትናንት ልጅ ነው ግን እሱም ዝም ብሏል። ስለዚ "ዘንገና ሊፈነዳ ነው ወይ" እያላችሁ በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝ ተረጋጉ። እኛ ቁጭ ብለን የምናዳምጠው ስምጥ ሸለቆን ነው። ከደብረ ማርቆስ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ እስካለው የፈንታሌ እሳተ ገሞራ በቀጥታ መስመር 280 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከባህር ዳር አፋር እስካለው የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ደሞ 420 ገደማ።

ይሄ ርቀት ምን እንደምታዩና ምን እንደማታዩ ይወስናል። እሳተ ገሞራው ስር ሆኖ የሚለካ ሰው ቅልጥ አለቱ ሲንቀሳቀስ የሚመጣውን ዝቅ ያለና የማያቋርጥ ርግብግብታ ያያል፣ እኛ ጋ እሱ አይደርስም። እኛ ጋ በደንብ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ መጠኑ 4 እና ከዚያ በላይ የሆነው መንቀጥቀጥ ነው፣ ቦታችሁ በጣም ጸጥ ያለ ከሆነ ትንሽ ዝቅ ያለውንም ልታገኙ ትችላላችሁ።

ብር ሳታወጡ በስልክ ጀምሩ። ላስትክዌክ የሚባለውን የመንቀጥቀጥ አፕ ጫኑ፣ የአሜሪካው ጂኦሎጂካል ሰርቬይ የሚያወጣውን የመንቀጥቀጥ ዝርዝርም በብሮውዘር ክፈቱና ኢትዮጵያ ላይ ዙም አርጉ። ሁለቱም ላይ "ተሰምቶኛል" ብሎ መሙላት ይቻላል፣ ሙሉ! ባህር ዳር ፎቅ ላይ የነበረ ሰው መብራቱ ሲወዛወዝ አይቶ ምድር ቤት ያለው ጓደኛው ምንም ሳይሰማው ሊቀር ይችላል፣ ከሩቅ የሚመጣው ዘገም ያለ ሞገድ ፎቅን ነው የሚያወዛውዘው። ስለዚ ስንተኛ ፎቅ ላይ እንደነበራችሁ ጻፉ። አልተሰማኝም የሚለውም መረጃ ነው።

እነዚህን ዝርዝሮች ስታነቡ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ የእኛን አገር ትንንሽ መንቀጥቀጦች ብዙም አያወጡም፣ ዝርዝሩ ባዶ ስለሆነ መሬቱ ዝም ብሏል ማለት አይደለም። ሁለተኛ ጥልቀቱ 10 ኪሎ ሜትር የሚለው። በ2017 ፈንታሌ አካባቢ በተከታታይ ሲንቀጠቀጥ ቴሌግራም ላይ "ሁሉም እኩል 10 ኪሎ ሜትር ላይ እንዴት ሊሆን ይችላል፣ ሰው ሰራሽ ነው" እያለ የሚከራከር ሞልቶ ነበር። በቅርብ በቂ መለኪያ ከሌለ ጥልቀቱን በትክክል ማስላት አይቻልም፣ ያኔ ሲስተሙ 10 ብሎ ይይዝለታል። በቃ፣ ደህና አርገው ያልለኩት ቁጥር ነው፣ ሌላ ሚስጥር የለውም።

ስልኩን ራሱን መለኪያ ማድረግስ? ፋይፎክስ የሚባል ነጻ አፕ አለ፣ የስልኩን የእንቅስቃሴ ሴንሰር ያወጣላችኋል። ተማሪ ለማስተማር አሪፍ ነው፣ ጠረጴዛ መታ መታ አርጋችሁ ሞገዱን ታሳያላችሁ። ከ300 ኪሎ ሜትር የሚመጣ መንቀጥቀጥ ግን በስልክ አትጠብቁ፣ የሴንሰሩ የራሱ ጫጫታ ይውጠዋል።

እውነተኛ መለኪያ ከፈለጋችሁ አማተሮች በብዛት የሚጠቀሙት ራስቤሪ ሼክ የሚባለውን ነው። ትንሽዬ ራስቤሪ ፓይ ኮምፒውተር ላይ 4.5 ሄርዝ ጂኦፎን (የመሬትን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ሴንሰር) ተገጥሞበት በሰከንድ 100 ጊዜ ይለካል። የአንድ ሰው ደሞዝ አይችለውም፣ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ነው፣ እላዩ ላይ ደሞ ቀረጥ አለ። ስለዚ የእኔ ምክር ትምህርት ቤት ወይ የፊዚክስ መምህራን ተሰባስባችሁ አንድ ግዙ ነው። ኤሌክትሮኒክስ የሚነካካ ልጅ ካለ ጂኦፎኑን ብቻ አስመጥቶ አርዱዊኖ ከሚባለው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድና ሲግናሉን ወደ ቁጥር ከሚለውጥ 16 ቢት መቀየሪያ ጋር መግጠም ይችላል፣ ይሰራል፣ ግን ጥራቱ ይወርዳል።

የት ይተከል? ከማሽኑ ይልቅ ይሄ ነው ዋናው። ምስራቅ ጎጃም ያላችሁ ዋልካ አፈር ላይ እንዳትተክሉ፣ ክረምት ያብጣል በጋ ይሰነጠቃል፣ ሴንሰሩ ያጋድላል። ጥቁር ድንጋይ የወጣበት ቦታ ፈልጉ፣ እሱ ደሞ እኛ ጋ አይጠፋም። ድንጋዩ ላይ ስስ የሲሚንቶ መደብ አርጉና በውሃ ልክ አስተካክሉት፣ ከላይ ባልዲ ድፉበት፣ ዙሪያውን ውሃ መውረጃ ቆፍሩ፣ ሽቦውን አይጥ እንዳይበላው ቱቦ ውስጥ አስገቡት። ሶስት አቅጣጫ የሚለካ ከሆነ ወደ ሰሜን መዞር አለበት፣ ግን ጥቁር ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ኮምፓስ ሊሳሳት ይችላል፣ ድንጋዩ ራሱ ማግኔትነት አለው። ከዛ ይልቅ ሳተላይት ካርታ ላይ ሩቅ የሚታይ ነገር ይዛችሁ አቅጣጫውን ውሰዱ።

ባህር ዛፍ አጠገብ አይሆንም፣ ንፋስ ሲነፍስ ስሩ መሬቱን ያንቀጠቅጠዋል፣ ቀኑን ሙሉ ጫጫታ ብቻ ነው የምታነቡት። አስፋልት ዳር፣ ውሃ ፓምፕ ያለበት፣ ወፍጮ ቤት አጠገብ... አይሆንም። ወፍጮ በተለይ ሰው ያሳስታል፣ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ቀጥ ያለ መስመር ሰርቶ ለሰአታት ይሄዳል፣ ጀማሪ የሆነ ሰው ስለ እሳተ ገሞራ ርግብግብታ አንብቦ ስለመጣ አገኘሁት ብሎ ይጮሃል። መለያው ቀላል ነው፣ ወፍጮ ድንገት ይጀምርና ድንገት ይቆማል፣ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፣ እሁድ ደሞ የለም። መጀመሪያ የሰፈራችሁን ድምጽ እወቁ፣ ጠዋት ከብት ሲወጣ፣ አይሱዙ ሲያልፍ፣ ውድማ ላይ በሬ ሲያበራይ፣ ጥምቀት ላይ ህዝቡ ሲጨፍር ምን እንደሚመስል ደብተር ላይ ጻፉ። ይሄን ሳትጨርሱ መንቀጥቀጥ አገኘን አትበሉ።

ደሞ ሌላ፣ ከመትከላችሁ በፊት ለቀበሌና ለጎረቤት ንገሩ። አሁን ባለው ጊዜ ሽቦ ያለው ሳጥን ጓሮ የሚቀብር ሰው ምን እንደሚባል ታውቁታላችሁ። "የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ ነው" ብላችሁ ወረቀት ለጥፉበት፣ ታላላቆችን ጠርታችሁ አሳዩ፣ "አባባ እስቲ እዚች ጋ እግርዎን መታ ያድርጉ" ብላችሁ የራሳቸውን እርምጃ ስክሪን ላይ ሲያዩት ጠባቂው እሳቸው ይሆናሉ።

አሁን ወደ ሰአቱ። ሌላው ሁሉ ቢበላሽ ይስተካከላል፣ ሰአቱ የተሳሳተ ዳታ ግን ለማንም አይጠቅምም። ሞገዱ በሰከንድ 6 እስከ 8 ኪሎ ሜትር ነው የሚሮጠው፣ አንድ ሰከንድ ከተሳሳታችሁ ቦታው በዛ ልክ ይሳሳታል። ራስቤሪ ፓይ ደሞ የራሱ የሰአት ባትሪ የለውም፣ ሰአቱን ከኢንተርኔት ነው የሚያመጣው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ኢንተርኔት ከሌለ መጨረሻ ከያዘው ሰአት ይቀጥላል፣ ማለትም በሰአታት ወደኋላ ቀርቶ ዝም ብሎ ይመዘግባል። እኛ ጋ ኔትወርክ እንዴት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። መፍትሄው በዩኤስቢ የሚሰካ ጂፒኤስ ነው፣ ሰማይ የሚያይበት ቦታ ላይ አርጉት፣ ኢንተርኔት ቢጠፋም ሰአቱ ይይዛል። ለመብራቱ ሶላርና ባትሪ፣ ቢያንስ ሌሊቱን የሚያሻግር።

አነባበቡም ያምታታል። ሁሉም የሚመዘገበው በዩቲሲ፣ ማለትም በአለም አቀፉ የጋራ ሰአት ነው። 00:50 ካለ 3 ጨምሩ፣ 3:50 ይሆናል፣ ይሄ ግን የእኛ ከጠዋቱ 3:50 አይደለም! ሌሊት 9:50 ነው። ቀኑም የሚገለበጠው በእኛ ሌሊት 9 ሰአት ላይ ስለሆነ ሌሊት 8 ሰአት የተሰማችሁ መንቀጥቀጥ ዝርዝሩ ላይ በትናንትናው ቀን ነው የሚወጣው። ደብተራችሁ ላይ ዩቲሲውን በአንድ አምድ፣ የእኛን ሰአት በሌላ አምድ ጻፉ፣ በጭንቅላት እየቀየራችሁ አትሂዱ።

ርቀት ማውጣት ደስ የሚለው ክፍል ነው። ከአንድ መንቀጥቀጥ መጀመሪያ የሚደርሰው ፈጣኑ ፒ ሞገድ ነው፣ ቀጥሎ ዘገም ያለው ኤስ ሞገድ ይመጣል፣ ኤስ ብዙ ጊዜ ተለቅ ያለ ነው። ከ1 እስከ 8 ሄርዝ ያለውን ብቻ በፊልተር አስቀሩና በሁለቱ መሃል ያለውን ሰከንድ ቁጠሩ፣ በ8 አባዙት፣ በግምት ርቀቱን በኪሎ ሜትር ይሰጣችኋል። ደብረ ማርቆስ ላይ 35 ሰከንድ ካገኛችሁ 280 ኪሎ ሜትር ነው፣ ፈንታሌ አካባቢ ሊሆን ይችላል። ሊሆን ይችላል ነው ያልኩት፣ ምክንያቱም አንድ ጣቢያ ርቀት እንጂ አቅጣጫ አይሰጥም፣ ካርታ ላይ ክብ ነው የምትሰሩት። ለቦታው ሶስት ጣቢያ ያስፈልጋል። ደብረ ማርቆስ፣ እንጅባራና ባህር ዳር ብንተክል ይበቃናል የሚል ሰው አይቻለሁ፣ አይበቃም፣ ሶስቱም ከስምጥ ሸለቆ አንጻር በአንድ ወገን ስለሆኑ ክቦቹ ተደራርበው ይሄዳሉ እንጂ ጥርት ብለው አይቆራረጡም። ደሴ ወይ ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ወዳጅ አብጁ።

አንድን መንቀጥቀጥ ለብቻው ነጥላችሁ አትተንትኑ፣ ተከታታዩን ተመልከቱ። በተለመደው አይነት ትልቁ ይመጣና ከኋላው ትንንሾቹ እየቀነሱ ይሄዳሉ። እሳተ ገሞራ አካባቢ ግን ብዙ ጊዜ መንጋ ሆኖ ነው የሚመጣው፣ ይህ ነው የሚባል መሪ የለውም። የፈንታሌና የጎረቤቱ የዶፋን መንቀጥቀጥ በመስከረም 2017 ጀመረ፣ ረገብ አለ፣ ታህሳስ ላይ ባሰ፣ ትልቁ፣ መጠኑ 6.0 የሆነው ግን የመጣው የካቲት 7 ነው፣ ማለትም ከወራት በኋላ። "ትልቁ አልፏል" ብሎ ታህሳስ ላይ ያወጀ ሰው ተሳስቷል። ቅልጥ አለትም አልፈሰሰም። በ1998 መስከረም አፋር ውስጥ ዳባሁ ላይም 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ስንጥቅ በቅልጥ አለት ተሞልቶ ምድር ላይ የወጣው ግን ትንሽ ፍንዳታ ብቻ ነበር። መንቀጥቀጡ በዛ ማለት እሳቱ ሊወጣ ነው ማለት አይደለም። እናንተ ማድረግ የምትችሉት በየቀኑ ስንት እንደቆጠራችሁ ግራፍ ላይ ማስቀመጥ ነው፣ የቆጠራችሁበትን መስፈርት ሳትቀያይሩ።

ከመሬቱ በተጨማሪ ሰማዩንም እዩ። የናሳ ፈርምስ ካርታ የሙቀት ነጥቦችን ያወጣል፣ ኤርታ አሌን እሱ ላይ መከታተል ይቻላል፣ ኮፐርኒከስ ብሮውዘር በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ደሞ ሴንቲነል የሚባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች ፎቶ በነጻ አለ። ሃይሊ ጉቢ ኅዳር 14 ቀን 2018 ሲፈነዳ አመዱ የመን፣ ኦማንና ህንድ ድረስ ሄዷል፣ ለእኛ ቀጠና የአመድ ማስጠንቀቂያ የሚያወጣው ፈረንሳይ ቱሉዝ ያለው ማዕከል ነው።

"ዛሬ ማታ 7.2 ይመጣል" የሚል መልእክት ከመጣላችሁ አታስተላልፉ፣ ሰአትና መጠን ለይቶ የሚተነብይ መሳሪያ አለም ላይ የለም፣ የእናንተም ሳጥን አይተነብይም። ህዝብ የሚያስደነግጥ ነገር ያያችሁ ሲመስላችሁ መጀመሪያ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጂኦፊዚክስ፣ ስፔስ ሳይንስና አስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት ምን እንዳለ እዩ።

ዳታውን ስትልኩ ስክሪንሾት አትላኩ፣ ዋናውን የቀን ፋይል ላኩ፣ ስሙንም አትቀይሩት፣ የጣቢያው መለያና ቀኑ እዛ ውስጥ ነው ያለው። ኤስዲ ካርድ ደሞ መብራት ሲቆራረጥበት ይሞታል፣ በየሳምንቱ ወደ ፍላሽ ገልብጡ፣ መለዋወጫ ካርድ አዘጋጅታችሁ አስቀምጡ።