የሳምንቱን ምርጥ የቤዝቦል ተጫዋቾች እንዴት እንመርጣለን?

የአሜሪካው ሜጀር ሊግ ቤዝቦል ፋታ አይሰጥም። 30 ቡድኖች አሉ። እያንዳንዱ ቡድን ከማርች መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ 162 ጨዋታ ያደርጋል። በሳምንት ስድስት፣ አንዳንዴም ሰባት ማለት ነው። ሁሉንም ልከታተል የሚል ሰው ቶሎ ይሰለቻል። በየሳምንቱ የወደዳችኋቸውን ጥቂት ተጫዋቾች መርጣችሁ ከጻፋችሁ ግን ውድድሩ በእጃችሁ ይገባል። ተጫዋቾቹን ታውቋቸዋላችሁ፣ ቁጥሮቹም ትርጉም ይሰጧችኋል።

ሊጉ ራሱ በየሰኞው የሳምንቱን ተጫዋች ይሰይማል፤ ቡድኖቹ ከተከፈሉባቸው ከሁለቱ ሊጎች፣ አንድ ከአሜሪካን ሊግ፣ አንድ ከናሽናል ሊግ። የእናንተ ዝርዝር የእሱ ግልባጭ መሆን የለበትም። እነሱ ሽልማት ይሰጣሉ። እናንተ የምትጽፉት ማንን እንደወደዳችሁና ለምን እንደወደዳችሁት ነው። ምክንያቱ ካልተጻፈ ዝርዝሩ የታዋቂ ሰዎች ስም ብቻ ሆኖ ይቀራል።

መጀመሪያ ደንብ አውጡ

ደንቡ ሳምንቱ ከመጀመሩ በፊት ይውጣ። ውጤት ከታየ በኋላ የሚወጣ ደንብ ሁልጊዜ ለምንወደው ሰው ያደላል።

ስንት ተጫዋች? እኔ አምስት እላለሁ። ሦስት መቺዎች፣ አንድ ፒቸር (ለመቺው ኳስ የሚወረውረው)፣ አንድ ደግሞ ለልብ የተተወ ቦታ። አስር ካደረጋችሁት ደህና የተጫወተ ሁሉ ይገባል፤ የሚያስቆጭ ስም ውጭ ካልቀረ ምርጫ አልተደረገም። ሳምንቱን ከሰኞ እስከ እሁድ ቁጠሩ። ከአራት ጨዋታ በታች የተጫወተ መቺ አይግባ። የምትደግፉት ቡድን ካለ ደግሞ ከአንድ ቡድን ከሁለት ሰው በላይ እንዳይገባ ከልክሉ። ይህቺ ትንሽ ደንብ ሌሎቹን 29 ቡድኖች እንድታዩ ታስገድዳችኋለች።

አንድ ተጫዋች በተከታታይ ሳምንታት ይደገማል ወይ? ብዙ ሰው አይደገምም ይላል፤ እኔ አልስማማም። አሮን ጀጅ በ2022 62 ሆም ረን (ኳሷን ከሜዳ ውጭ አሻግሮ ነጥብ የሚያስቆጥር ምት) መትቶ፣ ሮጀር ማሪስ በ1961 ያስመዘገበውን የ61 ሆም ረን የአሜሪካን ሊግ ክብረ ወሰን ሰብሯል። እንዲህ ያለ ሰው ሦስት ሳምንት ተከታታይ ምርጥ ከሆነ ሦስት ጊዜ ይጻፍ። እሱን ለማስቀረት ሲባል ሌላ ሰው መፈለግ በዚያ ዓመት የሆነውን ነገር መደበቅ ነው።

በየቀኑ አስር ደቂቃ

ጨዋታው ሲያልቅ ቦክስ ስኮር የሚባለው ሰንጠረዥ ይወጣል። እያንዳንዱ መቺ ስንት ጊዜ ሞክሮ ስንቱን እንደመታ፣ ፒቸሩ ስንት ኢኒንግ (ጨዋታው ከሚከፈልባቸው ዘጠኝ ዙሮች) ወርውሮ ስንት ነጥብ እንደገባበት ይነግራችኋል። ዓይናችሁን የሳበ ስም ካለ አንድ መስመር ጻፉ፦ ስሙን፣ ምን እንዳደረገ፣ በማን ላይ እንዳደረገ። በቃ።

ይህን ሳታደርጉ እሁድ ላይ ለመምረጥ ከተቀመጣችሁ ትዝ የሚላችሁ የቅዳሜና የእሁድ ጨዋታ ብቻ ነው። ማክሰኞ ዕለት ስምንት ኢኒንግ ያለ ነጥብ የወረወረው ፒቸር ተረስቷል።

መቺዎችን በምን እንመዝን?

ጀማሪ ተመልካች መጀመሪያ የሚያየው አማካይ ምትን ነው፤ የተመቱት ኳሶች ለሙከራዎቹ ሲካፈሉ። በዓመት ደረጃ .300 የደረሰ ሰው ጎበዝ ይባላል። በሳምንት ግን ይህ ቁጥር ያሳስታል። አንድ መቺ በሳምንት ከ25 ሙከራ ብዙም አያልፍም። ከ25 ስድስት ቢመታ .240 ነው። ስምንት ቢመታ .320 ይሆናል። በደካማና በድንቅ ሳምንት መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ኳስ ብቻ ሆነ ማለት ነው። አንዷ ምናልባት የተከላካዩን ጓንት ለትንሽ ስታ ያለፈች ናት።

ስለዚህ ሁለት ነገር ጨምሩ፤ ቤዝ ላይ (መቺው ነጥብ ለማስቆጠር በተራ በሚሮጥባቸው ጣቢያዎች) ስንት ጊዜ እንደደረሰና ምቱ ምን ያህል ርቀት እንዳስኬደው። ምሳሌ ልስጣችሁ። አንደኛው መቺ በ24 ሙከራ ስምንት መታ፤ ስምንቱም አንድ ቤዝ ብቻ የሚያስኬዱ ናቸው። ዎክ የለውም። ዎክ ማለት ፒቸሩ አራት የተበላሸ ኳስ ወርውሮ መቺው በነፃ ወደ አንደኛ ቤዝ ሲሄድ ነው፤ እንደ ሙከራ አይቆጠርም። ሁለተኛው መቺ በ18 ሙከራ አምስት መታ፤ ሁለቱ ሆም ረን፣ አንዱ ሁለት ቤዝ፣ ሁለቱ አንድ ቤዝ። ሰባት ጊዜ ደግሞ በዎክ ሄደ። በአማካይ ምት የመጀመሪያው ይበልጣል፤ .333 ለ.278።

አሁን ሌላውን ቁጠሩ። የመጀመሪያው ከ24 ጊዜ ስምንት ቤዝ ላይ ደረሰ፤ .333። ሁለተኛው ከ25 ጊዜ 12 ደረሰ፤ .480። የመጀመሪያው ስምንት ቤዝ ሰበሰበ፤ ለ24 ሲካፈል .333። ሁለተኛው 12 ቤዝ ሰበሰበ፤ ለ18 ሲካፈል .667። ሁለቱን ቁጥሮች ስትደምሩ ኦፒኤስ የሚባለው ይወጣል። የመጀመሪያው .666፣ ሁለተኛው 1.147። የሊጉ አማካይ በቅርብ ዓመታት ከ.700 ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ሁለተኛው መቺ አስደናቂ ሳምንት አሳልፏል፤ የመጀመሪያው ከአማካይ በታች ነው። ዎክ አሰልቺ ይመስላል እንጂ ጨዋታ ያሸንፋል።

ቦታውንም አትርሱ። የካቸር ሳምንት ከሌላው ጋር እኩል አይመዘንም። ካቸር ጨዋታውን ሙሉ ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ከመቶ በላይ ኳስ ይቀበላል፣ ፒቸሩን ይመራል፣ ኳስ ሰውነቱን ይመታዋል፣ ከዚያ ዱላ ይዞ ይወጣል። ካል ራሊ በ2025 ለሲያትል 60 ሆም ረን ሲመታ ልቤ የተነካው ለዚህ ነው። ከእሱ በፊት የካቸሮች ክብረ ወሰን የሳልቫዶር ፔሬዝ 48 ነበር፤ በ2021። ሁለት መቺዎች በቁጥር እኩል ከሆኑ እኔ ካቸሩን እመርጣለሁ። ቀጥሎ ሾርትስቶፕን፤ በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መካከል የሚከላከለውን።

ፒቸር ሲመረጥ

መደበኛ ፒቸር ብዙውን ጊዜ በየአምስት ወይም በየስድስት ቀን ነው የሚወረውረው። በሳምንት አንድ፣ ሲበዛ ሁለት ጨዋታ። ማክሰኞ የወረወረ ሰው እሁድ ሊመለስ ይችላል፤ እሱ ዕድለኛ ነው። አንድ ጨዋታ ብቻ ያለውን በዚህ ምክንያት አትጣሉት።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር፦ አሸነፈ ተሸነፈ የሚለውን መዝገብ ተዉት። ፒቸር ድሉ የሚመዘገብለት ቡድኑ ነጥብ ካስቆጠረለት ነው። ጄከብ ዲግሮም በ2018 ለኒውዮርክ ሜትስ 10 አሸንፎ 9 ተሸንፏል። መዝገቡን ብቻ ያየ ሰው ተራ ፒቸር ነው ይላል። ኢአርኤው ግን 1.70 ነበር፤ በዘጠኝ ኢኒንግ በራሱ ጥፋት የሚገባበት ነጥብ ሁለት እንኳ አይሞላም። የምርጥ ፒቸር ሽልማት የሆነውን ሳይ ያንግ ወሰደ። ፖል ስኪንስም በ2025 ለፒትስበርግ 10 አሸንፎ 10 ተሸንፎ፣ ኢአርኤው 1.97 ሆኖ ያንኑ ሽልማት አግኝቷል።

ስሌቱ ቀላል ነው። የገቡበትን ነጥቦች በዘጠኝ አባዙ፣ ለወረወራቸው ኢኒንጎች አካፍሉ። በ13 ኢኒንግ ሁለት ነጥብ ከገባበት 1.38 ይሆናል። በተከላካዮች ስህተት የገባ ነጥብ አይቆጠርበትም። ከዚያ ስንት ሰው በስትራይክአውት (መቺው ኳሷን ሳይመታ ሦስት ዕድሉን ሲጨርስ) እንዳስወጣና ስንቱን በዎክ እንዳሳለፈ እዩ። አስር አስወጥቶ አንድም ዎክ ያልሰጠ ፒቸር ሳምንቱን በእጁ ይዞት ነበር።

መጨረሻ ላይ የሚገቡት ተቀያሪ ፒቸሮች በሳምንት ሦስት አራት ኢኒንግ ብቻ ስለሚወረውሩ ከመደበኞቹ ጋር ማወዳደር አይሆንም። ከመካከላቸው ማራኪ ሰው ካለ ለልብ የተተወው ቦታ ይጠብቀዋል።

የት? በማን ላይ? መቼ?

ቁጥር ያለ ቦታው አይነበብም። የዴንቨሩ ኩርስ ፊልድ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ኳስ ርቃ ትሄዳለች፤ የፒቸሩ ኳስም እንደ ሌላው ቦታ አትታጠፍለትም። ሳምንቱን ሙሉ እዚያ የተጫወተ መቺ ሦስት ሆም ረን ቢመታ ደስ ይላል። እዚያው ሰባት ኢኒንግ ወርውሮ አንድ ነጥብ ብቻ የገባበት ፒቸር ግን የበለጠ ሥራ ሠርቷል። በቦስተኑ ፌንዌይ ፓርክ ደግሞ በግራ በኩል ከ11 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ግድግዳ አለ። ሌላ ሜዳ ላይ በቀላሉ የምትቀለብ ኳስ እዚያ ግድግዳ መትታ ሁለት ቤዝ ታስገኛለች።

ዘመኑም ይቆጠራል። በሜይ 1968 ፍራንክ ሃዋርድ የሚባለው ግዙፍ የዋሽንግተን መቺ በስድስት ጨዋታ 10 ሆም ረን መታ። ይህ በማንኛውም ዓመት ድንቅ ነው። ግን 1968 የፒቸሮች ዓመት ነበር። ቦብ ጊብሰን ያን ዓመት ኢአርኤውን 1.12 አድርጎ ነው የጨረሰው። ፒቸሮች ስለበረቱ ለቀጣዩ ዓመት የሚወረውሩበት ጉብታ ከ15 ኢንች ወደ 10 ኢንች ዝቅ ተደረገ። የሃዋርድ ሳምንት በእኔ ሚዛን እስካሁን ከታዩት ሁሉ ትልቁ የሆነው ለዚህ ነው።

ተጋጣሚውንም እንዲሁ መዝኑ። ፒቸሩን ታሪክ ስኩባልን የመሰለ የሳይ ያንግ አሸናፊ ላይ የተመታ ሁለት ምት፣ ጨዋታው 12 ለ1 ከሆነ በኋላ ከተመታ ሆም ረን ይበልጣል።

አንድ ጨዋታ ሙሉውን እዩ

በሳምንት ቢያንስ አንድ። ከ2023 ጀምሮ ፒቸሩ ቤዝ ላይ ሰው ከሌለ በ15 ሴኮንድ ውስጥ መወርወር ስላለበት ጨዋታው ከሁለት ሰዓት ተኩል ብዙም አያልፍም። ድሮ ሦስት ሰዓት ያልፍ ነበር።

ስታዩ ኳሷን ብቻ አትከተሉ። ፒቸሩ ሲወረውር የሾርትስቶፑን እግር እዩ፤ ኳስ ከመመታቷ በፊት ወዴት እንደሚያዘነብል። ዘጠኝ ኳስ ተከላክሎ በመጨረሻ የወጣውን መቺ እዩ፤ ሰንጠረዡ ላይ አልመታም ይላል፣ ፒቸሩን ግን አድክሞታል። ከአንደኛ ቤዝ ተነስቶ በአንድ ምት ሦስተኛ ላይ የሚደርሰውንም ሯጭ እዩ። አምስተኛው ቦታ፣ ለልብ የተተወው፣ የእነዚህ ነው። ምንም ቁጥር አትጠይቁበት። የወደዳችሁት በዓይናችሁ ስላያችሁት ይሁን እንጂ።

በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት

እሁድ ማታ ማስታወሻችሁን ዘርጉ። ለእያንዳንዱ ስም አንድ ዓረፍተ ነገር። "ጀጅ ጎበዝ ነው" ምክንያት አይደለም፤ ለየትኛውም ሳምንት ይሆናል። እንዲህ ያለ ይሁን፦ "ሾሄይ ኦታኒ፤ ሴፕቴምበር 19 ቀን 2024 ማያሚ ላይ ስድስት ጊዜ ወጥቶ ስድስቱንም መታ፣ ሦስቱ ሆም ረን ናቸው፣ ሁለት ቤዝ ሰረቀ፣ በአንድ ዓመት 50 ሆም ረንና 50 ስርቆት የደረሰ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።" (ቤዝ መስረቅ ምት ሳይጠብቁ ወደ ቀጣዩ ቤዝ ሮጦ መድረስ ነው።) ዓረፍተ ነገሩ ካልመጣላችሁ ስሙን ሰርዙና ቀጣዩን ሞክሩ።

ይቀጥል ይሆን ብላችሁ አትጨነቁ። ክሪስ ሼልተን በኤፕሪል 2006 ለዲትሮይት 10 ሆም ረን መትቶ ዓመቱን በ16 ብቻ ጨረሰ። ያ ማለት በኤፕሪል እሱን የመረጠ ሰው ተሳስቷል ማለት አይደለም። እነዚያ ኳሶች በእውነት ከሜዳ ወጥተዋል። የሳምንት ዝርዝር ስለ ነገ አይናገርም።

ኦክቶበር ሲመጣ

መደበኛው ውድድር ሲያልቅ የሁሉንም ሳምንታት ዝርዝር አውጡና ማን ስንት ጊዜ እንደገባ ቁጠሩ። የሊጉን ምርጥ ተጫዋች የሚመርጡት ጋዜጠኞች፣ ለእያንዳንዱ ሊግ 30፣ ድምፃቸውን የሚሰጡት የጥሎ ማለፉ ውድድር ሳይጀመር ነው። እናንተም ያኔ ዝጉትና በኖቬምበር ውጤቱ ሲነገር አወዳድሩ።

ለጥሎ ማለፉ 12 ቡድን ብቻ ስለሚቀር አምስት ሰው ይበዛል። ሦስት አድርጉት፤ መቺ፣ ፒቸር፣ የልብ ቦታ። አንድ ሰው ሁለት ቦታ መያዝ እንደሚችልም አስቀድማችሁ ጻፉ። ኦክቶበር 17 ቀን 2025 ኦታኒ ለሎስ አንጀለስ ዶጀርስ በሚልዋኪ ላይ ስድስት ኢኒንግ ያለ ነጥብ ወርውሮ አስር ሰው በስትራይክአውት አስወጣ፤ በዚያው ጨዋታ ሦስት ሆም ረን መታ። በእኔ ዝርዝር መቺም ፒቸርም እሱ ነው።