የአንብቦ መረዳት፣ የሥነ ጽሑፍ ትንተናና የቃላት ክለሳ
ተማሪ አንብቦ መረዳትን ሲከልስ ብዙ ምንባቦችን በሩጫ ከማንበብ ይልቅ አንዱን ምንባብ ሁለት ጊዜ ማንበብ ይበጀዋል፤ በመጀመሪያው ንባብ ሳያቋርጥ እስከ መጨረሻው ይዝለቅና መጽሐፉን ከድኖ ዋናውን ሐሳብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፣ በሁለተኛው ደግሞ ጥያቄዎቹን ይዞ ይመለስና ለእያንዳንዱ መልስ ማስረጃ የሚሆነውን መስመር ያስምርበት። መስመሩ ካልተገኘ መልሱ ግምት ነው። የተሳሳቱትን ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ገልብጦ ማለፍ ግን፣ በእኔ እምነት፣ ከክለሳ አይቆጠርም፤ ስሕተቱ ጥያቄውን በጥድፊያ ከማንበብ፣ ቃል ካለማወቅ ወይም በምንባቡ ያልተባለውን ከመጨመር የመጣ መሆኑን ለይቶ በማስታወሻ ደብተር ማስፈር ይገባል።

በሥነ ጽሑፍ ትንተና ረገድ፣ ታሪኩን መልሶ መተረክ ትንተና አለመሆኑን አጥብቆ መያዝ ያስፈልጋል። «ደራሲው ተለዋጭ ዘይቤ ተጠቅሟል»፣ ማለትም አንዱን ነገር በሌላ ነገር መስሎ ገልጿል፣ ብሎ ማቆምም አይበቃም፤ ለምሳሌ የአንድ ገጸ ባሕርይ ቤት ዘወትር ጨለማ እንደዋጠው ተደርጎ ከተገለጸ፣ ተማሪው አገላለጹን ጠቅሶ ስለ ሰውየው ውስጣዊ ሁኔታ ምን እንደሚያመለክትና ከታሪኩ ጭብጥ ጋር እንዴት እንደሚያያዝ ማስረዳት አለበት። ከክለሳው ጊዜ ሰፊው ድርሻ ለዚህ ቢሰጥ እመርጣለሁ።

አዲስ ቃል ከነዓረፍተ ነገሩ ይጻፍ፤ ከዚያም ፍቺውን ሸፍኖ ለማስታወስ መሞከር፣ ሙከራውንም በማግስቱ፣ ከሦስት ቀንና ከሳምንት በኋላ መደጋገም ይረዳል። ጀርመናዊው ተመራማሪ ኸርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ መርሳት የሚፈጥነው ከተማሩ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሰዓታት ስለሆነ የመጀመሪያው ድግግሞሽ ሊዘገይ አይገባም።