ያረጀ የመረጃ ማቀናጃ ሶፍትዌር መቼ መሻሻል እንዳለበት እንዴት ይወሰናል?

ከቅርንጫፎች፣ ከሂሳብ ክፍልና ከደንበኞች መዝገብ የሚመጣውን መረጃ ሌሊት ሰብስቦና አስተካክሎ ወደ ሪፖርት ዳታቤዝ የሚያስገባው ሶፍትዌር ብዙ ጊዜ የሚታወሰው ሲቆም ነው። ጠዋት ሪፖርቱ እስከተገኘ ድረስ «የሚሠራን ነገር ለምን እንነካለን?» የሚለው ሐሳብ ለዓመታት ይረታል። የማሻሻያውን ጊዜ በቀን ቆርጦ መወሰን እንደሚቻል ለማሳየት፣ በብዙ ድርጅቶች የሚሠራበትን የማይክሮሶፍት የዳታቤዝ ሶፍትዌር ኤስኪውኤል ሰርቨር 2016ን፣ ከነማቀናጃው ከኢንቴግሬሽን ሰርቪስስ ጋር፣ እንደ ምሳሌ እንወስዳለን።

በቅድሚያ በሰርቨሩ ላይ ያለው እትም የትኛው እንደሆነ በትክክል ይጣራና የአምራቹ ድጋፍ የሚያበቃበት ቀን ይመዝገብ። የ2016 እትም መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጁላይ 13 ቀን 2021 አብቅቷል፤ በዋናነት የደህንነት ማሻሻያ የሚሰጥበት የተራዘመው ድጋፍ ደግሞ ማብቂያው ጁላይ 14 ቀን 2026 ነው። ይህ ቀን በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 7 ቀን 2018 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ሂሳቡን ሰኔ 30 ለሚዘጋ መሥሪያ ቤት የሚውለው ከመዝጊያው አንድ ሳምንት በኋላ ነው። በሰኔና በሐምሌ የሪፖርት መስመሩን ለማስነካት የሚፈቅድ የሂሳብ ኃላፊ አይገኝም፤ ባይፈቅድም ትክክል ነው። ስለዚህ የሥራው እውነተኛ ቀነ ገደብ የሚሆነው የግንቦት መጨረሻ እንጂ አምራቹ ያስታወቀው ቀን አይደለም። ቀኑ ካመለጠ የደህንነት ማሻሻያን ለተወሰኑ ዓመታት በክፍያ ማግኘት ይቻላል፤ ይህን የምመክረው ግን የማሻሻያ ዕቅዱ ጸድቆ ሥራው ለተጀመረበት ድርጅት ብቻ ነው።

ቀጥሎ የሶፍትዌሩ ጎረቤቶች ይታዩ። ዳታቤዙ የተጫነበት ሥርዓተ ክወና ዊንዶውስ ሰርቨር 2016 ከሆነ፣ የእሱም ድጋፍ የሚያበቃው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 12 ቀን 2027 ስለሆነ፣ ዳታቤዙን አሻሽሎ ሥርዓተ ክወናውን መተው ያው ሥራ ከወራት በኋላ እንዲደገም ያደርጋል። የግንኙነት ደህንነት ስልቶቹ ቲኤልኤስ 1.0 እና 1.1 እ.ኤ.አ. በ2021 በይፋ ተሽረዋል፤ መረጃ የሚልክልን ወገን እነዚህን ዘግቶ ከሆነና የእኛ ሰርቨር አዲሱን ካልተቀበለ፣ ግንኙነቱ አንድ ሌሊት ይቋረጣል።

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው የሥራዎቹ ቆጠራ ነው። እያንዳንዱ ፓኬጅ (በማቀናጃው ውስጥ የተዘጋጀ አንድ የመረጃ ማስተላለፊያ ሥራ) መቼ እንደሚነሳ፣ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደወደቀና ውስጡን የሚያውቀው ሰው ማን እንደሆነ ከሎጉ (ሶፍትዌሩ ራሱ ከሚይዘው የሥራ መዝገብ) ታይቶና ሠራተኞች ተጠይቀው ይመዝገብ። የሦስት ወር ሎግ አይበቃም፤ በዓመት አንዴ ለሂሳብ መዝጊያ ብቻ የሚነሱ ፓኬጆች አሉና። ፓኬጆቹና የሥራ ታሪካቸው የሚቀመጡበት የኢንቴግሬሽን ሰርቪስስ ካታሎግ ቅንብሩ ካልተቀየረ በቀር ታሪኩን የሚያቆየው 365 ቀን ብቻ ስለሆነ፣ መዝገቡ ሳይጠፋ አስቀድሞ ይገልበጥ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ያልቅ የነበረ ሥራ አሁን 11 ሰዓት የሚደርስ ከሆነ ጉዳዩ ይመርመር፤ ይሁን እንጂ ለዝግታ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የጎደለ ኢንዴክስ (መረጃን ቶሎ ለማግኘት የሚረዳ ማውጫ) ወይም የበዛ መረጃ ስለሚሆን፣ ዝግታን ብቻ ይዞ ማሻሻያን መጠየቅ ገንዘብ ከፋዩን ያሳዝናል።

ወደ የትኛው እትም እንሂድ ለሚለው ጥያቄ ሒሳቡ ቀላል ነው። የ2019 እትም የተራዘመ ድጋፍ እስከ ጃንዋሪ 8 ቀን 2030፣ የ2022 ደግሞ እስከ ጃንዋሪ 11 ቀን 2033 ይዘልቃል። ለተመሳሳይ ድካም ሦስት ተጨማሪ ዓመት የሚሰጠው ሁለተኛው ነው፤ ከዚያ በኋላ የወጣውን የ2025 እትምም ቢሆን ዋናውን ሥርዓት ያቀረበው ድርጅት የሚደግፈው ከሆነ መምረጥ ይቻላል።

ከውሳኔው በፊት ጥቂት ፓኬጆች፣ በተለይም በእጅ የተጻፈ ኮድ ያለባቸው፣ በተለየ ሰርቨር ላይ ይሞከሩ። ወደ አዲስ እትም ተሻሽሎ የተቀመጠ ፓኬጅ በቀላሉ ወደ ኋላ ላይመለስ ስለሚችል፣ የመጀመሪያው ቅጂ ለብቻው ይጠበቅ። የረድፍ ብዛትና የገንዘብ ድምር ማነጻጸር የግድ ነው፤ ለእኛ ግን አይበቃም። የግዕዝ ፊደል ቫርካር በሚባለው የጽሑፍ ዓምድ ዓይነት ውስጥ፣ የሁሉንም ቋንቋ ፊደል የሚይዘው የዩቲኤፍ-8 ኮሌሽን (ፊደል የሚቀመጥበትና የሚነጻጸርበት ደንብ) ካልተመረጠ በቀር፣ ወደ ጥያቄ ምልክት ይለወጣል፤ በአንዳንድ የቆዩ ኮሌሽኖች ደግሞ ሁለት የተለያዩ የአማርኛ ስሞች እንደ አንድ ሊቆጠሩ ይችላሉ። ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ወደ ፈረንጆቹ የሚደረገው የቀን ለውጥም በጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ይፈተሽ፤ ውጤቱ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ካልሆነ፣ ስህተቱ በአሮጌውም ሰርቨር ተደብቆ የኖረ ሊሆን ስለሚችል ሁለቱም ይታዩ።

ሙከራው የወሰደው ጊዜ በጠቅላላው የፓኬጅ ብዛት ተሰልቶ፣ አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን የሚሠሩበት ቢያንስ አንድ የወር መዝጊያ ይታከልበትና ከግንቦት መጨረሻ ወደ ኋላ ይቆጠር። የሚገኘው ቀን ሥራው መጀመር ያለበት የመጨረሻው ቀን ነው። ኃላፊዎች ከዚያ ለማሳለፍ ከወሰኑ፣ ምክንያቱ፣ እስከ መቼ እንደሆነና የወሰነው ሰው ስም በጽሑፍ ሰፍሮ ይፈረምበት፤ ሥርዓቱ ሲወድቅ ሌሊት ሥራ ላይ የሚያድረው ባለሙያ ያ ወረቀት ያስፈልገዋል።